በሩን ከመገደብዎ በፊት፦ ከመንገድ ዝቅ ያለ ግቢን ለክረምት ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፊታችን ያለው መንገድ ሲሠራ ግቢያችን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ቀረ። አምና ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ከባድ ዝናብ ጥሎ ጎርፍ በግቢው በር ገባ፤ ቤት ውስጥ እስከ ጉልበት ደረሰ፤ መጸዳጃ ቤቱም ገነፈለ። ስድስት ቤተሰብ ነን፤ እናቴ ያለ ሰው ድጋፍ መራመድ አትችልም። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ በግቢው በር ላይ በብሎኬት ግድብ ልሠራ፣ የቤቱን በር ሥር በሲሚንቶ ልደፍን፣ ትንሽ ፓምፕም ልገዛ አስቤያለሁ። ግቢው ውስጥ ውሃ የሚውጥ ጉድጓድ እንድቆፍርም ተመክሬያለሁ። ወንዙ ወደ 200 ሜትር ስለሚርቅ እሱ አያሰጋንም። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም፤ የትኛውን ላስቀድም? የዘንድሮው ትንበያስ ምን ያህል ይታመናል?»

ምላሽ፦ ካሰቧቸው ነገሮች የበሩ ግድብ በከፊል ትክክል ነው። የቤቱን በር ሥር መድፈን ለጭቃ ቤት አደገኛ ነው። የሚውጠው ጉድጓድ እርስዎ ባሉበት አፈር አይሠራም። ፓምፑ ደግሞ አያዋጣም። «አያሰጋንም» ብለው ያለፉት ወንዝ ግን ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አምና የገባብዎት ውሃ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። የመንገድ ጎርፍ፣ ከራስ ጣሪያ የሚወርድ ውሃ፣ በፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃ፣ ከአፉ የወጣ ወንዝ፣ እነዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ ሲገኙ አንድ ይመስላሉ እንጂ መፍትሔያቸው ይለያያል። ማስረጃው ምናልባት አሁንም እቤትዎ ውስጥ አለ። ግድግዳው እንደገና ካልተቀባ ውሃው የደረሰበት ቡናማ መስመር ይታያል። ይህን መስመር በቤቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በፊትም በኋላም በአጥሩ ላይ ይፈልጉት። ከዚያ ውሃ የሞላበት ቀጭን ላስቲክ፣ ማለትም ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበትን፣ ተውሰው መስመሮቹን ያስተያዩ። በግቢው በር በኩል ያለው መስመር ከኋላው አጥር ከፍ ካለ ውሃው ከመንገድ ገብቶ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነበር ማለት ነው። በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ደግሞ መውጫ አጥቶ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛው ከሆነ በሩን ከመዝጋት ይልቅ መውጫ መክፈት ይቀድማል።

ደለሉም ይናገራል። ከቁም ሣጥን ሥር ወይም ከአልጋ ጀርባ ሳይጠረግ የቀረ ካለ በጣትዎ ያሹት። ሻካራ አሸዋ፣ ጠጠርና የፌስታል ቁራጭ ከሆነ ከመንገድ የመጣ ነው። ልሙጥ፣ ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ከሆነ ከፍሳሽ መስመር ወይም ከወንዝ ነው። ቤተሰቡንም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ መጸዳጃው የገነፈለው ውሃው በበር ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ የበሩ ግድብ የቱንም ያህል ቢጠነክር ውሃው በመጸዳጃው በኩል እቤት ድረስ ይገባል።

እርስዎ እንደገለጹት ከሆነ ዋናው ምንጭ መንገዱ ይመስለኛል። መንገድ ሲሠራ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉ የቀድሞ ግቢዎች ጉድጓድ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ውሃውን ተሸክሞ እንዲሄድ የተሠራው ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደፈነው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ወይም መንገድ አቋርጦ በሚያልፍበት ጉሮሮ ላይ። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ እዚያ ይከማቻል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ መጠነኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ቱቦው የት ላይ እንደሚሞላና ውሃው የት ላይ ወደ መንገድ እንደሚወጣ ይመልከቱ። በእድሩ ወይም በብሎኩ በኩል ሰው አሰባስባችሁ ያንን ጉሮሮ ብታስጠርጉ ግቢዎ ውስጥ ከሚሠሩት ከየትኛውም ግንባታ የበለጠ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የወጣው ደለል ከሰፈር ተጭኖ ይሂድ። ቱቦው ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ከቀረ የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ መልሶ ያስገባዋል፤ በየዓመቱ የሚደረገውም ይኸው ነው። ቱቦው ከጠበበ ወይም ከፈረሰ ግን በእጅ የሚስተካከል ስላልሆነ ፎቶ አያይዛችሁ፣ ጎረቤት አስፈርማችሁ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል የተነገረ ቅሬታ መዝገብ ላይ አይገኝም።

አሁን ወደ ራስዎ ግቢ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያዎ 70 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከቆርቆሮው ብቻ 2,800 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለዎት ይህ ሁሉ የሚያርፈው ግድግዳው ሥር ነው፤ ማለትም ጭቃና እንጨት ከመሬት በሚገናኙበት፣ ቤቱ ከሁሉም በላይ በሚደክምበት ቦታ። ስለዚህ አሸንዳ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በዙሪያው አስገጥመው፣ የሚወርደውን ውሃ በቱቦ ተቀብለው ከግድግዳው ያርቁት። በርሜል ከሥሩ ማስቀመጥ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ጥሩ ነው፤ ጎርፍ ይቀንሳል ብለው ግን አይጠብቁ። ባሰላነው ዝናብ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በአራት ደቂቃ ከሩብ ገደማ ይሞላል። ሮቶም ቢሆን የሚትረፈረፈው ውሃ መውጫ ከሌለው መልሶ ግድግዳው ሥር ነው የሚያፈሰው።

የሚውጠውን ጉድጓድ የመከሩዎ ሰው ምናልባት በሌላ ሰፈር ሲሠራ አይቶት ይሆናል። በደቡባዊው አዲስ አበባ፣ በተለይ በአቃቂ አካባቢ፣ የሚበዛው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ብዙ ውሃ ስለሚያስገባ ሰው «ይውጣል» ብሎ ያምነዋል። ከረጠበ በኋላ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውሃም አያሳልፍም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጉድጓድዎ ሞልቶ ይቆማል፤ ነሐሴ ላይ ለሚመጣው ጎርፍ ምንም ቦታ አይኖረውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ለቤቱ ቅርብ ከተቆፈረ መሠረቱን እያረጠበ ግድግዳ ያሰነጥቃል። ገንዘብዎን እዚህ ላይ አያውሉ። በዋልካ ላይ ውሃ የሚሸኘው በቦይ ነው እንጂ አይቀበርም። ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ በግቢው ዳር በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር እየወረደ፣ እስከ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ ድረስ ይሂድ። ያ ጥግ የት እንደሆነ በዓይን አይገምቱ፤ ውሃ ልኩ ይንገርዎ።

የበሩን ግድብ በተመለከተ፣ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አልመክርዎትም። እናትዎን በአስቸኳይ ማውጣት ቢያስፈልግ እንቅፋት ይሆናል፤ ውሃውም ከላዩ ካለፈ ግቢው እንደ ገንዳ ይይዘዋል። የሚሻለው በበሩ ሥር ከመንገዱ ጠርዝ በላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል፣ በሁለቱም በኩል ተዳፋት ያለው የኮንክሪት ጉብታ ነው። ሰውም ጋሪም ይሻገረዋል፤ በመንገዱ ላይ የሚንሸራተተውን ውሃም ወደ ቱቦው ይመልሰዋል። ጉብታው በግራና በቀኝ ከአጥሩ ጋር ሳይገናኝ ከቀረ ግን ውሃ ዞሮ ይገባል። ከእሱ እኩል የሚያስፈልገው በዝቅተኛው ጥግ አጥሩ ላይ የሚከፈት መውጫ ነው። ስፋቱ ቢያንስ አንድ ብሎኬት ያህል ይሁን፤ ፍርግርግ ከተደረገለት ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ይሁኑ፣ አለበለዚያ አንድ ፌስታል ይደፍነዋል። ውሃው የሚወጣው ወደ ጎረቤት ግቢ ከሆነ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ ሁለት ግቢን አቋርጦ ቱቦ ጋ የሚደርስ አንድ የጋራ ቦይ ከሁለት ጠበኛ ግድቦች ይረክሳል። ከኋላ ያለው መሬት ከእርስዎ ግቢ ከፍ የሚል ከሆነና መውጫ ፈጽሞ ከሌለ፣ ኋላ ላይ የምናገረው፣ ከቤት ቀድሞ ስለ መውጣት ያለው ክፍል ለእርስዎ ከግንባታው ይበልጣል።

አሁን የቤቱን በር ስለመድፈን። ውሃን ውጭ ማስቀረት ጥሩ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ውጭ ግማሽ ሜትር ውሃ ቆሞ ውስጡ ደረቅ ሲሆን ግፊቱን ሁሉ የሚሸከመው ግድግዳው ነው። በደንብ ለተገነባ የግንብ ቤት እንኳ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ውሃን በር ላይ ማገድ አይመከርም። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችልም፤ ጭቃው በውሃ ይልማል፣ ማገሩ ይለቃል፣ ከዚያ ግድግዳው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ሰው የሚገድለውም ይህ ነው። ስለዚህ ለቁርጭምጭሚት ውሃ በማዳበሪያ የተሞላ አሸዋ በር ላይ ይደርድሩ፤ ማዳበሪያው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ፣ እንደ ጡብ እያነባበሩ ይርገጡት፣ በውጭ በኩል ሸራ ያልብሱት። ውሃው ከዚያ ካለፈ ግን ይግባ። ውሃ የገባበት ቤት ይጠረጋል፤ የተደረመሰ ግድግዳ ግን ከሥሩ ያለውን ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው። ቋሚ ጥበቃ ከፈለጉ የግድግዳውን ታች በውጭ በኩል እስከ አንድ ሜትር ያህል በድንጋይና በሲሚንቶ ማስለበስ ከማንኛውም ድፈና ይሻላል።

ስለ ግድግዳ ካነሳን አይቀር የአጥሩንም ይመልከቱ። ከግቢዎ ከፍ ባለ መሬት ላይ የቆመ የጎረቤት የድንጋይ ግንብ ወይም የብሎኬት አጥር ካለ፣ ያዘነበለ፣ ሆዱ የተነፋ ወይም በረጅሙ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ከሥሩም ውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው፣ ነሐሴ ላይ ከጀርባው ያለው አፈር ሲረጥብ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ በኩል ያለውን ክፍል ለመኝታ አይጠቀሙበት። ግንብ ወይም መሬት ከተደረመሰ በኋላም ወዲያው ከሥሩ ሮጦ መግባት ሌላ አደጋ ያስከትላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች ባለቁበት የመሬት መንሸራተት ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው የነበሩ ናቸው።

መጸዳጃውን እንመልከት። ከፍሳሽ መስመር ወይም ከሴፕቲክ ታንክ ጋር የተገናኘ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኞች ቼክ ቫልቭ የሚሉትን፣ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ በመውጫው መስመር ላይ ያስገጥሙ። ዋጋው ከግንባታዎቹ ሁሉ ያንሳል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ካልጸዳ ግን ይጣበቃል። እስከዚያው በድርብ ፌስታል የታሰረ አሸዋ አዘጋጅተው ዝናቡ ሲከፋ መቀመጫው ውስጥና የወለል ፍሳሽ ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ። ጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ ከሰኔ በፊት ያስመጥጡት። ግማሹ የሞላ ጉድጓድ ጎርፍ ሲገባበት ያለው ሁሉ ግቢ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አተት ነው።

ወደ ወንዙ ልመለስ። 200 ሜትር የሚነግረን ርቀትን ነው። ወንዝ ግን ርቀት አይቆጥርም፤ የሚመለከተው ከፍታን ነው። መጠየቅ ያለበት የቤትዎ ወለል ከወንዙ አፍ ምን ያህል ከፍ ይላል የሚለው ነው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ያለው ከተማ ጣሪያውም አስፋልቱም የተቀበለውን ውሃ በቀበና፣ በጊንፍሌ፣ በባንቱይቀጡና በመሳሰሉት ወንዞች እያስረከበ ወደ እናንተ ይልከዋል፤ ትልቁም ትንሹም አቃቂ ተሰብስበው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ሰማዩ እንኳ ጠርቶ እያለ፣ ሰሜን በጣለ ዝናብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ከ250 በላይ ሰው ያጣችው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነው በደቻቱ ወንዝ በኩል ሌሊት ወርዶ ሰውን በተኛበት ወሰደው። በሰፈራችሁ ብዙ ዓመት የኖሩ ሽማግሌዎችን ወንዙ ከአፉ ሲወጣ የት ድረስ እንደመጣ ይጠይቁ፤ ወንዙ ዳር ባሉ ዛፎችና አጥሮች ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅና ፌስታል ካለ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለም ይመልከቱ። ያ ከፍታ ከወለልዎ ጋር የሚስተካከል ከሆነ እስካሁን የዘረዘርኩት ቦይም ጉብታም ከወንዝ አያድንዎትም። ለመንገድ ጎርፍ እንጂ ለወንዝ ጎርፍ ቤተሰብ በአቅሙ የሚሠራው መከላከያ የለም፤ ያለው መፍትሔ ቀድሞ መውጣት ነው።

ቀድሞ መውጣት ደግሞ ውሳኔው በሌሊት፣ በዝናብ፣ በድንጋጤ መሃል የሚወሰን መሆን የለበትም። ዛሬ በቀን ይወስኑት። በግቢው ውስጥ ከመስኮት የሚታይ ቦታ ላይ እንጨት ተክለው በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ውሃው የመጀመሪያው ምልክት ላይ፣ ለምሳሌ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ሲደርስ እናትዎ ይወጣሉ፤ ማንም «ቆይ እስኪ ያባራ ይሆናል» አይልም። ወዴት? ከፍ ያለ መሬት ላይ ወዳለ ዘመድ ወይም ፎቅ ወዳለው ጎረቤት፤ ከአሁኑ ተነጋግረው ፈቃድ ያግኙ። ማን ይሸከማቸዋል? ሁለት ጎልማሶች በጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊያወጡ ይችላሉ፤ አንድ ቀን በደረቁ ሞክሩት፤ ወንበሩ በበሩ ማለፍ አለማለፉ ያን ጊዜ ይታወቃል። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሲያካፋ ካደረ ደግሞ ምልክቱንም ሳይጠብቁ በማታ ወስዳችሁ ብታሳድሯቸው ይሻላል። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ጤነኛ ጎልማሳ ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በመንገድ ላይ ያለው ሌላው አደጋ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ነው፤ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ አይታይም። መሄድ ግድ ከሆነ በዱላ እየፈተሹ፣ ልጆች በእጅ ተይዘው፣ ከቱቦው ጠርዝ ርቃችሁ ሂዱ። የእሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ኤሌክትሪክ 905 በሁሉም ስልክ ውስጥ ይግባ፤ በወረቀትም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ኤሌክትሪክን ለብቻው የማነሳው ውሃ ሳይገድል እሱ ሊገድል ስለሚችል ነው። አምና እስከ ጉልበት ከደረሰ ታች ያሉት ሶኬቶች ውሃ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ሁሉንም ከወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ በባለሙያ ያስነሱ፤ መሬት ላይ የሚጎተተውን ማከፋፈያ ያስወግዱ። ውሃው ደፍ ሳይደርስ ብሬከሩን ያጥፉ። እግርዎ ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን ብሬከሩን አይንኩ፤ ሰውን አስወጥተው 905 ይደውሉ። ውሃው ከሄደ በኋላም ምጣዱንና ማቀዝቀዣውን ኤሌክትሪሺያን ሳያይ አይሰኩ።

ስለ ትንበያው ጠይቀዋል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የክረምት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» የመሆን ዕድልን የሚናገር ሲሆን የሚመለከተውም ሰፊ አካባቢንና የወራት ድምርን ነው። ለገበሬና ለግድብ አስተዳዳሪ እጅግ ይጠቅማል። የእርስዎ ግቢ ግን የሚጎዳው በአንዲት ማታ አንድ ሰዓት በሚጥል ዶፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ደካማ በተባለ ክረምትም ይመጣል። ኤልኒኞ በተከሰተባቸው ዓመታት ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ቢቀንስም «ዘንድሮ ኤልኒኞ ነው» ብሎ ቱቦ ሳይጠርግ የቀረ ሰፈር በአንድ ምሽት ሊጥለቀለቅ ይችላል። ስለዚህ ዝግጅትዎን በክረምቱ ትንበያ ላይ አይመሥርቱ። ለውሳኔ የሚረዳዎት የዕለትና የቀጣይ ቀናት ትንበያ ነው፤ በተለይ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ። ያን ጊዜ አፈሩ ጠግቦ ስለሚቆይ ሰኔ ላይ ጉዳት ያላደረሰ ዝናብ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አምና የደረሰበትን ልክ ያውቁታል። ጤፉ፣ ዱቄቱ፣ በርበሬው ከዚያ መስመር በላይ ቆጥ ላይ ይውጣ። የይዞታ ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃና የእናትዎ የሕክምና ወረቀት በድርብ ፌስታል ታስረው በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ፤ ፎቶ አንስተውም ለአንድ ዘመድ በቴሌግራም ይላኩ፤ ውጭ አገር ያለ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የእናትዎ መድኃኒት ለአንድ ሳምንት የሚበቃው ከቦርሳው ጋር ይሁን።

ውሃ ግን ችላ አይባልም። ከጎርፍ በኋላ የቧንቧ ውሃ ቢመጣም ግፊቱ ወርዶ ቆሻሻ ሊያስገባ ስለሚችል ወዲያው አይታመንም። ለመጠጥና ለምግብ በሰው በቀን 4 ሊትር ብናስብ ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን 72 ሊትር ይሆናል፤ ክዳናቸው የሚገጥም ባለ 25 ሊትር ሦስት ጄሪካን ማለት ነው። ሲያልቅ ያፍሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ካለዎት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ። ስሙ ሳይለጠፍበት በየሱቁ የሚቸረቸረውን በረኪና ለመጠጥ ውሃ አይጠቀሙ፤ ጥንካሬው አይታወቅም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከተገኘ ኦ አር ኤስ፣ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው እየሰጡ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ውሃው ከሄደ በኋላ ቤት ለማድረቅ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ በየክረምቱ ሰው ይገድላል። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። መስኮትና በር ከፍታችሁ በነፋስ አድርቁ፤ ጊዜ ቢወስድም ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ምክር ለከተማ ድንገተኛ ጎርፍ ነው። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ ወንዞች ሞልተው ውሃ ለቀናትና ለሳምንታት በሚተኛበት አካባቢ፣ የእህል ማስቀመጫና የከብት ማሸሻ ከቦይና ከጉብታ ይቀድማል።

ገንዘብዎን እንዲህ ያውሉት። ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ይቅደም፦ መለካት፣ ሽማግሌ መጠየቅ፣ እናትዎ የሚያድሩበትን ቤት መጨረስ፣ ቱቦውን በእድሩ ማስጠረግ። ቀጥሎ ሶኬቶቹን ማስነሳትና የመጸዳጃውን ቫልቭ ማስገጠም፤ ጉድጓድ ከሆነም ማስመጠጥ። ሦስተኛ አሸንዳው። አራተኛ ቦዩና የአጥሩ መውጫ፤ ከእነሱ በኋላ እንጂ ከእነሱ በፊት ያልሆነ የበሩ ጉብታ። የግድግዳውን ታች በድንጋይ ማስለበስ ለመጪው ዓመት ሊቆይ ይችላል። ፓምፑን አይግዙ። ጎርፍ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ ትንሽ የንጹሕ ውሃ ፓምፕ ደለል ሲስብ ይቃጠላል፤ የሚረጨውም ውሃ መንገዱ ሞልቶ እያለ ተመልሶ ይገባል። መውጫው ከተሠራ በኋላ የቀረውን በባልዲና በመጥረጊያ ማውጣት ይቻላል።

ሽማግሌዎቹ ወንዙ እናንተ ጋ ደርሶ ያውቃል ካሉዎት ግን ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ለቦይና ለጉብታ የያዙትን ገንዘብ ለሐምሌና ለነሐሴ ከፍ ባለ ሰፈር አንድ ክፍል ለመከራየት ያውሉት፤ ቢያንስ እናትዎና ልጆቹ እዚያ ይደሩ። የወንዙ ስጋት ከሌለ ደግሞ የሲሚንቶው ሥራ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይለቅ፤ ኮንክሪቱ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መጥናት አለበት፤ ጎርፍ የሚያልፍበት ከዚያ በኋላ ነው።